ግኝት የማን ነው?



ባለፈው የወጣቶች ውይይታችን መጨረሻ ላይ አንድ ወንድማችን ያነሣው ጥያቄ መልስ ሳያገኝ ነበር የተለያየነው። ጥያቄው ይህ ነው፤ «አንድ ሰው ለብዙ ዓመታት ደክሞ አዲስ መድኃኒት ቢያገኝ መድኃኒቱ የማን ነው? የእርሱ ነው ወይስ የበሽተኛው?» ከመካከላችን የሚበዙት «የደከመ ይብላ እንጂ!» አሉ። ነርስ ለመሆን የምትማር አንዲት እኅታችን ግን «እሺ ይብላ፤ ግን ስንት ይብላ?» ብትል ቤቱ በሙሉ ዝም አለ። ሰዓቱም መሽቶ ስለ ነበር ወደየቤታችን ሄድን። እኔን ግን ጥያቄው እስከ ቤቴ ተከተለኝ፤ እስካሁንም አልለቀቀኝም።

ስለ ሳይንስ ስናወራ አብዛኛውን ጊዜ የምናደንቀው የተሠራውን ነገር ነው። ሮኬቱን፣ ኮምፒዩተሩን፣ አዲሱን መርፌ እያየን «የሰው ልጅ እንዴት ረቀቀ!» እንላለን። መደነቁ ክፋት የለውም። ነገር ግን የተገኘው ነገር ከማን እጅ ወደ ማን እጅ እንደ ሄደ፣ በመጨረሻም ማን ዘንድ እንደ ቀረ መጠየቅ ከመደነቅ ይከብዳል። ስለዚህ በቅርብ ጊዜ የተገኘ አንድ ድንቅ ሕክምናና አንድ ቀደም ያለ የአገራችን ግኝት ጎን ለጎን አድርጌ ላሳያችሁ እወዳለሁ። የዓመታቱ ቁጥር ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን አስቀድሜ አሳስባለሁ።

ሲክል ሴል የሚባል የደም በሽታ አለ። በደጋማው የአገራችን ክፍል እምብዛም ስለማይታይ ስሙ ለብዙዎቻችን እንግዳ ሊሆን ይችላል። በደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከሙት ቀይ ሴሎች በጤነኛ ሰው ዘንድ ክብና ለስላሳ ናቸው፤ በጣም በቀጠነች የደም ሥር ውስጥ እንኳ እየታጠፉ ያልፋሉ። በዚህ በሽታ በተያዘ ሰው ግን ሴሎቹ ይደርቁና እንደ ማጭድ ይጎብጣሉ። የበሽታው ስም የመጣው ከዚሁ ነው። የጎበጡት ሴሎች በቀጫጭን የደም ሥሮች ውስጥ ተሰክተው መንገድ ሲዘጉ ሕመምተኛውን በአጥንቱ፣ በደረቱና በሆዱ ከባድ ሥቃይ ይይዘዋል፤ ለቀናትም ያስተኛዋል። በጊዜ ብዛት ኩላሊትና ሳንባ ይጎዳሉ። በአንጎል ውስጥ ያለ የደም ሥር የተዘጋ እንደ ሆነም ገና በልጅነት ሽባ የሚሆኑ አሉ።

ይህን በሽታ በ1910 ለመጀመሪያ ጊዜ በሕክምና መጽሔት የገለጸው ጀምስ ሄሪክ የተባለ የቺካጎ ሐኪም ነው። ያየው ደም የአንድ ወጣት ጥርስ ሐኪም ተማሪ ደም ነበር። ወጣቱ ግሬናዳ ከምትባል የካሪቢያን ደሴት ለትምህርት የመጣ ሲሆን ስሙ ዋልተር ክሌመንት ኖኤል ይባል ነበር። በጽሑፉ ላይ ግን ስሙ አልሰፈረም። ትምህርቱን ጨርሶ ወደ አገሩ ተመለሰና ጥቂት ዓመታት የሰው ጥርስ ሲያክም ቆይቶ በ1916 በ32 ዓመቱ ሞተ። እባካችሁ ይህን ልጅ አትርሱት፤ ወደ ኋላ እመለስበታለሁ።

የበሽታው ምክንያት እጅግ ያስደንቃል። የሰው የዘር መመሪያ ሦስት ቢሊዮን በሚያህሉ ፊደላት የተጻፈ መጽሐፍ ነው ብንል፣ ሲክል ሴልን የሚያመጣው ከዚያ ሁሉ ውስጥ የአንዲት ፊደል መለወጥ ነው። ያቺን የተለወጠች ፊደል ከእናትም ከአባትም የወረሰ ልጅ ይታመማል። ከአንደኛቸው ብቻ የወረሰ ግን አይታመምም፤ እንዲያውም ከባድ ወባ እንዳይጥለው ትከላከልለታለች። ስለዚህም ፊደሏ ወባ በበዛበት አገር፣ ይልቁንም በምዕራብና በመካከለኛው አፍሪካ፣ ከትውልድ ወደ ትውልድ ስትተላለፍ ኖረች። በሽታው ይዟቸው ከሚወለዱት የዓለም ሕፃናት ከአራቱ ሦስቱ ያህል ከሰሐራ በታች ባለው አፍሪካ ይወለዳሉ። ብዙዎቹም አምስተኛ ዓመታቸውን ሳያዩ ያልፋሉ።

እንግዲህ ይህ ለዘመናት ማስታገሻ እንጂ ፈውስ ያጣ በሽታ ነበር። ከዘመድ መቅኔ ተወስዶ የሚደረግ ሕክምና ቢኖርም ተስማሚ ወንድም ወይም እኅት ለማግኘት የሚታደለው ጥቂቱ ብቻ ነው። በኅዳር 2023 እንግሊዝ፣ በታኅሣሥም አሜሪካ ካስጄቪ የተባለ አዲስ ሕክምና ፈቀዱ። አሠራሩ እንዲህ ነው። ከበሽተኛው ደም የሚያመነጩ ሴሎች ይወሰዱና በቤተ ሙከራ ውስጥ ክሪስፐር በተባለ ረቂቅ መቀስ አንድ ቦታ ላይ ይቆረጣሉ። የሚቆረጠው የተበላሸችው ፊደል አይደለችም። ሁላችንም በእናታችን ማኅፀን ሳለን ሌላ ዓይነት የደም ቀለም ነበረን፤ ከተወለድን በኋላ በጥቂት ወራት ውስጥ ሰውነታችን ያንን ያጠፋና አዲሱን ያበራል። መቀሱ የሚቆርጠው ያንን የድሮውን የሚያጠፋውን ማጥፊያ ነው። ማጥፊያው ሲቆረጥ የሕፃንነቱ ደም እንደገና ይፈልቃል፤ እርሱ ደግሞ አይጎብጥም። ከዚያም በሽተኛው በከባድ መድኃኒት የቀድሞ መቅኔው ተጠርጎ፣ የታረሙት ሴሎች ተመልሰው ይሰጡታል። አሜሪካ ፈቃዱን ስትሰጥ ውጤታቸው ሊመዘን ከቻለ 31 ሰዎች መካከል 29ኙ ቢያንስ ለአንድ ዓመት ያህል ያ ብርቱ ሥቃይ አልጎበኛቸውም። በ2019 በአሜሪካ ለዚህ ሕክምና ከሲክል ሴል በሽተኞች ሰውነቷን ቀድማ የሰጠችው የአራት ልጆች እናት የሆነች የሚሲሲፒ ሴት ናት። ገና ምን እንደሚያስከትል ባልታወቀ ነገር ፊት ቀድሞ መቆም ቀላል አይደለም።

የዚህ ሕክምና ዋጋ በአሜሪካ ሁለት ሚሊዮን ሁለት መቶ ሺህ ዶላር ነው። ለአንድ ሰው። የሆስፒታሉ አልጋ ሳይታሰብ።

«ስንት ይብላ?» ያለችው እኅታችን ይህን ቁጥር አስቀድማ ሰምታ ይሆን እያልሁ አስቤአለሁ።

መቼም ባለቤቱን ሳያነጋግሩ መፍረድ ተገቢ አይደለምና የኩባንያዎቹን ወገን እንስማ። አንድ መድኃኒት ለሕዝብ እስኪደርስ ድረስ አያሌ ዓመታት ያልፋሉ። ከተሞከሩት ውስጥ የሚበዙት መንገድ ላይ ይወድቃሉ፤ የወደቁትን ወጪ የሚከፍለው ያልወደቀው አንዱ ነው። ፓተንት የሚባለውም ሕግ ቢሆን በመሠረቱ የስስት ሕግ አይደለም። ቃሉ በላቲን «የተከፈተ» ማለት ነው። መንግሥት ፈልሳፊውን «ምስጢርህን ለዓለም ግለጥ፤ እኔም ለ20 ዓመት ያህል ሌላው እንዳይነካብህ እጠብቅልሃለሁ» ይለዋል። ምስጢሩን ይዞ ከሚሞት ጽፎ ቢያስቀምጥ እንደሚሻል የታወቀ ነው። በእኛ አገር ስንት ባለመድኃኒት ያወቀውን ለልጁ እንኳ ሳይነግር ወደ መቃብር እንደ ወረደ ሽማግሌዎችን መጠየቅ ይበቃል። ስለዚህ «የደከመ ይብላ» ያሉት ወንድሞቻችን ከንቱ ነገር አልተናገሩም።

እኔን ያስቸገረኝ ሌላ ነው። የደከመው ማነው?

መቀሱን እንመልከት። ክሪስፐርን ማንም ሰው አልፈለሰፈውም፤ ባክቴሪያዎች ቫይረስ ሲመጣባቸው ራሳቸውን የሚከላከሉበት የጥንት መሣሪያ ነው። በ1987 ዮሺዙሚ ኢሺኖና ባልደረቦቹ በኦሳካ አንድ የባክቴሪያ ዘረ መል ሲያነቡ የሚደጋገም እንግዳ ጽሑፍ አጋጠማቸው፤ ትርጉሙን ሳያውቁ መዝግበው አለፉ። ከጥቂት ዓመታት በኋላ ፍራንሲስኮ ሞሂካ የተባለ ስፔናዊ ተማሪ በአሊካንቴ አጠገብ ካለ የጨው ማምረቻ ኩሬ በተገኙ ጨው ወዳድ ረቂቅ ሕዋሳት ውስጥ ተመሳሳዩን አየ። እርሱ ግን አላለፈውም። አሥር ዓመት ያህል ሲያወጣና ሲያወርድ ኖሮ በ2003 በድግግሞሹ መካከል ያሉት ቃላት የቫይረሶች ቁራጮች መሆናቸውን ደረሰበት፤ ባክቴሪያው የጠላቱን መልክ መዝግቦ ይይዛል ማለት ነው። ጽሑፉን የታወቁ መጽሔቶች ተራ በተራ መለሱበት። የታተመለት በ2005 ነው። በ2007 ደግሞ የእርጎ እርሾ የሚያመርት የዴንማርክ ኩባንያ ተመራማሪዎች እርሾአቸውን ቫይረስ እንዳያበላሽባቸው ሲታገሉ የሞሂካን ሐሳብ በሙከራ አረጋገጡ። በ2012 ኢማኑኤል ሻርፓንቲየና ጄኒፈር ዳውድና ይህን መሣሪያ ሰው በፈለገው ቦታ እንዲቆርጥ ማዘዝ እንደሚቻል አሳዩ፤ በ2020 የኖቤል ሽልማት ያገኙት በዚህ ነው። በዚያው በ2012 ቪርጊኒዩስ ሺክሽኒስ የተባለ የሊትዌንያ ሊቅ ተመሳሳይ ሥራ ቀድሞ ልኮ ተመልሶበት ነበር። ከ2016 ጀምሮም በአሜሪካ ሁለት ታላላቅ ተቋማት «የመቀሱ ባለመብት እኔ ነኝ» እያሉ ለዓመታት ተካሰሱ። ሁለቱም ባለ ጠጎች፣ ሁለቱም አዋቂዎች ናቸው። ስለ ጨው ኩሬው ሰው የተከራከረ ጠበቃ ግን አልነበረም።

አንድ ወዳጄ ይህን ስነግረው «ኖቤል እኮ ለሁሉም አይበቃም» አለኝ። እውነቱን ነው። እኔም ስለ ሽልማት አላዝንም፤ ሽልማት ጌጥ ነው። የባለቤትነት መብት ግን ከጌጥ ያለፈ ነው፤ ማን ይዳን፣ ማን ይቅር የሚለውን ይወስናል።

አሁን ወደ አገራችን ልመለስ፤ እዚህ ላይ ነገሩ ከእኛው ወንዝ ዳር ይደርሳልና።

በ1964 ዶክተር አክሊሉ ለማ የተባሉ ወጣት ተመራማሪ ቢልሃርዝያ የሚባለው በሽታ በዓድዋ አካባቢ በየት በየት እንደ ተስፋፋ ለማጥናት ከወንዝ ወንዝ ይዘዋወሩ ነበር። ቢልሃርዝያ ቀንድ አውጣ ሳይኖር አይኖርም። ከበሽተኛው ዓይነ ምድር ጋር ውሃ ውስጥ የገባው የትሉ እንቁላል ይፈለፈልና ቀንድ አውጣ ውስጥ ገብቶ ይራባል። ከዚያ በብዙ ሺህ ሆኖ ይወጣና በውሃው ውስጥ የሚዋኘውን ልጅ፣ የምታጥበዋን ሴት፣ መስኖ የሚያጠጣውን ገበሬ ቆዳ በስቶ ይገባል። ጉበት ያሳብጣል፣ ሆድ ይነፋል፣ ልጁን ከትምህርቱና ከዕድገቱ ያስቀረዋል። ስለሆነም ቀንድ አውጣውን የገደለ የበሽታውን መንገድ ቆረጠ ማለት ነው።

በወንዙ ዳር ሴቶች በእንዶድ ልብስ ያጥባሉ። እንዶድን የማያውቅ አንባቢ ያለ አይመስለኝም። ሳሙና ወደ ገጠሩ ሳይዘልቅ፣ ከዘለቀም በኋላ ለስንቱ ቤት፣ ነጠላና ኩታ የነጣው በእርሱ ነው። ፍሬው ደርቆ ይወቀጣል፤ ከውሃ ጋር ሲታሽ አረፋውን ያወጣል። አክሊሉ ሴቶቹ ከሚያጥቡበት ዝቅ ብሎ ባለው ውሃ ላይ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ብዙ የሞተ ቀንድ አውጣ ተንሳፍፎ አዩ። ብዙ ሰው ዓይቶት የሚያልፈው ነገር ነው። እርሳቸው ግን ከላይኛው በኩል፣ አረፋው ካልደረሰበት፣ ሕያው ቀንድ አውጣዎች በዕቃ ሰብስበው ከአጣቢዎቹ አንዷን የእንዶድ አረፋ እንድትጨምርበት ጠየቁ። ጨመረች። ቀንድ አውጣዎቹ ደምተው ሞቱ።

እስቲ ይህችን ደቂቃ ለአፍታ እንመልከታት። ሴትየዋ እንዶድን ታውቃለች፤ የትኛው ፍሬ ብዙ አረፋ እንደሚያወጣ፣ እንዴት እንደሚደርቅ፣ ምን ያህል እንደሚበቃ ከእናቷ ተምራለች። ቀንድ አውጣው የልጇን ሆድ እንደሚነፋ ግን የነገራት የለም። አክሊሉ ቀንድ አውጣውን ያውቃሉ፤ በባሕር ማዶ ትምህርት ቤት ተምረውታል። እንዶድ ምን እንደሚያደርግ ግን ያስተማራቸው መምህር አልነበረም። ግኝቱ የተወለደው ሁለቱ ዕውቀቶች አንድ ዕቃ ላይ ሲገናኙ ነው። አንዱ ብቻውን ቢሆን ኖሮ ወንዙ እስከ ዛሬም ዝም ብሎ ይወርድ ነበር።

ከዚያ በኋላ ያለው ድካም የአክሊሉና የባልደረቦቻቸው ነው፤ እርሱንም መንሣት ግፍ ይሆናል። በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የፓቶባዮሎጂ ተቋምን መሠረቱ። ዶክተር ለገሠ ወልደ ዮሐንስ የእንዶድን ዓይነቶች ከየአካባቢው ሰብስበው አነጻጽረው ዓይነት 44 የተባለውን ምርጥ ለዩ። ከ1969 እስከ 1974 ድረስ በዓድዋ ከተማ ወንዞች ላይ በተደረገው ሙከራ ዕድሜአቸው ከአምስት ዓመት በማይበልጥ ሕፃናት ዘንድ ቢልሃርዝያ የተገኘባቸው ከመቶ 50 ገደማ የነበሩት ወደ 7 ዝቅ አሉ። በጓሮ የሚበቅል፣ በሙቀጫ የሚወቀጥ ነገር ይህን ሠራ!

ዓለም ግን እልል አላለም። በውጭ ከፋብሪካ የሚወጣ የቀንድ አውጣ መርዝ አስቀድሞ በገበያ ላይ ነበር፤ ለድሀ አገር ዋጋው ይከብዳል እንጂ በሊቃውንቱ ዘንድ የታመነ ነው። እንዶድ ደግሞ በታወቀ የውጭ ቤተ ሙከራ ጉዳት እንደሌለው ካልተመረመረ ተባለ። ምርመራው ገንዘብ ይፈልጋል፤ ገንዘቡ ካልታመነ አይገኝም። እንዲህ እየተባለ ዓመታት አለፉ። ካናዳ በመጨረሻ ለምርመራው እጇን ዘረጋች። በ1989 አክሊሉና ለገሠ አማራጭ ኖቤል የሚባለውን የራይት ላይቭሊሁድ ሽልማት አብረው ሲቀበሉ አክሊሉ አፍሪካ ውስጥ የሚሠራ ምርምር በውጭው ዓለም ዘንድ አለመታመኑን በኀዘን ተናገሩ። በእርግጥ መመርመሩ ትክክል ነው፤ ሕፃናት የሚጠጡት ውሃ ውስጥ የሚጨመር ነገር ሳይመረመር ቢገባ እኔ ራሴ እቃወም ነበር። የማይገባኝ ጥንቃቄው አይደለም፤ የጥንቃቄው ወጪ በድሀው ብቻ ላይ መውደቁ ነው።

ታሪኩ ግን በዚህ አላበቃም። በ1980ዎቹ መጨረሻ ዜብራ መስል የሚባል ትንሽ ባለ ዛጎል እንስሳ በመርከብ ተጭኖ ከአውሮፓ ወደ ሰሜን አሜሪካ ታላላቅ ሐይቆች ገባና የውሃ ቧንቧዎችን እየደፈነ አገሬውን አስጨነቀ። በኤሪ ሐይቅ ጫፍ በምትገኘው ቶሊዶ ያለው ዩኒቨርሲቲ አክሊሉን ጋብዞ ነበርና እንዶድ በዚህ ፍጥረት ላይ ተሞከረ፤ ገደለው። በ1990ዎቹ መጀመሪያ ዩኒቨርሲቲው በዚህ አጠቃቀም ላይ ፓተንት አወጣ። ለዓድዋ ልጆች ሲሆን ሃያ አምስት ዓመት ያጠራጠረው ፍሬ ለቧንቧ ሲሆን በጥቂት ጊዜ ታመነ። ይህን ስጽፍ መሣቅም ማልቀስም ያምረኛል።

ዛሬ ቢልሃርዝያን በመዋጋት ረገድ ዋናው መሣሪያ እንዶድ አይደለም፤ ፕራዚኳንቴል የተባለው እንክብል ነው። እርሱንም ከ2007 ጀምሮ የጀርመኑ መርክ ለአፍሪካ ልጆች በነጻ ሲያድል ቆይቷል። ይህን የምጽፈው ኩባንያ ሁሉ ክፉ ነው እንዳይባልብኝ ነው። በ1959ም የቮልቮው መሐንዲስ ኒልስ ቦሊን በሦስት ቦታ የሚታሰረውን የመኪና ቀበቶ ሲሠራ ድርጅቱ ሌሎች መኪና ሠሪዎች እንዲጠቀሙበት ፈቀደ፤ ታክሲ ውስጥ ከፊት ስንቀመጥ የምንጎትተው ቀበቶ እርሱ ነው። መስጠት ይቻላል ማለት ነው።

ነገር ግን አንድ ጊዜ መስጠት ብቻውን አይበቃም። በ1923 ባንቲንግ፣ ቤስትና ኮሊፕ የተባሉት የኢንሱሊን አግኚዎች የፓተንት መብታቸውን ለቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ እያንዳንዳቸው በአንድ ዶላር ሸጡ፤ ነጋዴ እንዳይዘው ብለው። ይሁን እንጂ ሌሎች በጊዜ ብዛት ኢንሱሊኑን እያሻሻሉ በማሻሻያው ላይ አዲስ መብት አወጡ። በ1996 በአሜሪካ ገበያ 21 ዶላር የነበረ የአንድ ዓይነት ኢንሱሊን ብልቃጥ በ2019 ከ270 ዶላር በላይ ሆኖ ነበር። በ2023 ከብዙ ጩኸት በኋላ አምራቹ ዋጋውን እጅግ ቀነሰ። ሦስቱ ሰዎች በሩን ከፍተውት ሄዱ፤ በሩ ግን የሚጠብቀው ካላገኘ በነፋስም ይዘጋል።

የጤፋችንም ነገር ከዚህ አይርቅም። አንድ የሆላንድ ኩባንያ ጤፍን በማዘጋጀት ላይ የአውሮፓ ፓተንት ይዞ ቆይቶ በ2018 የሄግ ፍርድ ቤት የፈጠራ ሥራ የለበትም ብሎ ሻረው። እናቶቻችን ከጥንት ጀምሮ እያበጠሩ፣ እያስፈጩና እያቦኩ ያቆዩት እህል ባለቤቱ ማን እንደ ሆነ ለማስረዳት ሄግ ድረስ ክርክር ማስፈለጉ ያሳፍራል። ለማንኛውም በ2010 በናጎያ በተደረገ ስምምነት ከአንድ ሕዝብ ተክልና ዕውቀት የሚገኝ ጥቅም ለዚያ ሕዝብ መካፈል እንዳለበት ብዙ አገሮች ተስማምተዋል፤ ስምምነቱም ከ2014 ጀምሮ ይሠራል። ወረቀቱ መልካም ነው።

እንግዲህ ወደ ጥያቄያችን ልመለስ። «የደከመ ይብላ» ከተባለ እኔም እስማማለሁ። ነገር ግን ማዕዱ ላይ ማን ማን እንደሚቀመጥ አብረን እንቁጠር። በቤተ ሙከራ ያደረው ደክሟል። ገንዘቡን ያወጣውም በበኩሉ ደክሟል። በጨው ኩሬው ላይ አሥር ዓመት ያሰበው ደክሟል። እንዶድን ከእናት ወደ ልጅ ያሻገሩት ደክመዋል። በሽተኛውስ? በወንድማችን ጥያቄ ውስጥ በሽተኛው ከአግኚው ፊት ለፊት ተቀምጦ እጁን የሚዘረጋ ሰው ነበር። እኔ ግን እንደዚያ አይመስለኝም። ቺካጎ ውስጥ ደሙን ለምርመራ የሰጠው ኖኤል፣ የመጀመሪያውን መርፌ በሥጋዋ የተቀበለችው የሚሲሲፒ እናት፣ በዓድዋ ወንዝ ለቆጠራው የተመረመሩት ሕፃናት፣ እነዚህ ሁሉ ከሥራው ውስጥ ናቸው። ያለ እነርሱ የሚቆረጥ ነገር የለም፣ የሚቆጠር ነገርም የለም። ስለዚህ ለበሽተኛው መድኃኒቱን በሚችለው ዋጋ ማድረስ ምጽዋት ሳይሆን የድርሻው ክፍያ ነው እላለሁ። ምጽዋትን ሰጪው ሲፈልግ ያቆመዋል፤ ድርሻን ግን ማስቀረት ዕዳ ነው።

ይህን ጽሑፍ ከማስገባቴ በፊት ለዚያው ጥያቄውን ላነሣው ወንድማችን አስነበብሁት። እስከ መጨረሻው አነበበና፣ «መልካም፤ ግን ለዓድዋ ሴቶች በምን በኩል ትከፍላቸዋለህ? በስንት ወንዝ ስንት ሴት አጠበች? ማንን ጠርተህ ታስፈርማለህ?» አለኝ። ለልጆቻቸው ንጹሕ ውሃ፣ ለየጣቢያው እንክብል፣ ለሴት ልጆቻቸውም የዚያ ቤተ ሙከራ ወንበር ሊሆን ይችላል አልሁት። ትንሽ አሰበና «ይህ እኮ መንግሥትም ሊያደርገው የሚገባ ነው፤ ባለ ፓተንቱ የት ገባ?» አለ። እኅታችንም አጠገባችን ነበረችና፣ «እኔ ስንት ብዬ ነበር የጠየቅሁት፤ እናንተ ለማን ስትሉ ቆያችሁ» ብላ ሁለታችንንም ሣቀችብን። በሚቀጥለው ውይይታችን ቁጥሩን ይዛ እንደምትመጣ ነግራናለች።